ክብ ጉድጓድ ሁሉ የሰማይ አለት አሻራ አይደለም

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚያመራው መንገድ በአብዛኛው የሚጓዘው የገብስና የስንዴ ማሳ በተንጣለለበት ደጋ ላይ ነው። ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞ አፋፍ ሲደረስ ግን ደጋው በድንገት ይቋረጣል። ከእግር ሥር ከ1ሺህ 500 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ይከፈታል፤ ከታች ደግሞ አምባዎች፣ ሾጣጣ ተራሮችና ጥልቅ ሸለቆዎች እስከ ተከዜ አቅጣጫ ተደርድረው ይታያሉ። ይህን ያህል ምድር ምን በላው? የሚለው ጥያቄ በመንገደኛ አእምሮ መመላለሱ የሚጠበቅ ነው።

የሳተላይት ምስል በእያንዳንዱ ስልክ ላይ መታየት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። በምስሉ ላይ ክብ ወይም የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅርጽ ያየ ሰው ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ አለት የፈጠረው ጉድጓድ ይሆን ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። በጨረቃ ላይ የሚታዩት ጉድጓዶች በአብዛኛው የተፈጠሩት በዚሁ መንገድ ነውና። ይሁን እንጂ የሰሜን ተራሮችን ገደሎች የፈጠራቸው ከሰማይ የመጣ ምት አይደለም። ማስረጃው የሚገኘውም በዚያው በሊማሊሞ መንገድ ዳር ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው የሊማሊሞ መንገድ የተራራውን ጎን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፉ የባዛልት ንጣፎችን እንደ ተደራረበ መጽሐፍ ያሳያል። በዚህ ምክንያት ስፍራው በዓለም የመሬት ሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ስሙ ተደጋግሞ የሚነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት ከሊማሊሞና ከወሎው ወገል ጤና የተወሰዱ የአለት ናሙናዎች ዕድሜ ተለክቶ፣ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ይህ የላቫ ክምችት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መፍሰሱ ተረጋግጧል። በሰው ዕድሜ ሲለካ አንድ ሚሊዮን ዓመት የትየለሌ ቢሆንም በምድር ታሪክ ግን ቅጽበት ነው። የላቫው አካል ዛሬ ድረስ 600ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ይሸፍናል።

የሰሜን ተራሮች ራሳቸው በዚህ የላቫ ንጣፍ ላይ በዚያው ዘመን የተከመረ የአንድ ሰፊ እሳተ ገሞራ ቅሪት ናቸው። ዝናብ፣ ወንዝና በበረዶ ዘመን በራስ ዳሽንና በቧሂት አናት ላይ የነበሩት ትንንሽ የበረዶ ግግሮች ሲሸረሽሩት ኖረው የጥንቱ የእሳተ ገሞራ አፍ ደብዝዟል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ ውበት የተገኘውም ከዚሁ መሸርሸር ነው። ዋልያ የሚቆምባቸው ገደሎች የላቫ ንጣፎች የተቆረጡ ጠርዞች ናቸው።

እንግዲህ ምድር ላይ ጉድጓድ የሚፈጠረው በብዙ መንገድ ነው። እሳተ ገሞራ ውስጡን ባዶ ካደረገ በኋላ አናቱ ሲደረመስ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ይቀራል፤ የደንዲና የወንጪ ሐይቆች በእንዲህ ዓይነት ስፍራ የተኙ ናቸው። የቀለጠ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ምድርን ይፈነቅላል። የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ማለትም ሆራ፣ ባቦጋያና ሌሎቹ፣ የተፈጠሩት በዚህ ዓይነት ፍንዳታ ነው። በቦረና ጨው የሚወጣበት ኤል ሶድ ጉድጓድም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ጣናን በተመለከተ ደግሞ ክብነቱ እንዳያሳስት ያስፈልጋል፤ ሐይቁ የተኛው የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ ባጎደጎደው ስፍራ ላይ ሲሆን፣ በደቡብ በኩል የፈሰሰ ላቫ ውኃውን ገድቦ ይዞታል።

ከሰማይ በሚመጣ አለት የሚፈጠረው ጉድጓድ ግን በአሠራሩ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የሰማይ አለት ወደ ምድር የሚገባው በሰከንድ ቢያንስ 11 ኪሎ ሜትር፣ በአማካይም 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ ነው። በዚህ ፍጥነት ከጎንደር እስከ ዳባት ያለው 75 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አራት ሰከንድ አይሞላም። እንዲህ የሚከንፍ አንድ ኪሎ አለት የያዘው ኃይል በክብደት ከሚስተካከለው ፈንጂ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ አለቱ መሬት ሲነካ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሰርስሮ አይገባም፤ ይፈነዳል። ግፊቱ ከተለመደው የአየር ግፊት ከሚሊዮን እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል የወደቀው አለትና የተመታው መሬት በከፊል ይቀልጣሉ፣ በከፊልም ይተናሉ። የጉድጓዱ ክብነት ምክንያትም ይኸው ነው። አለቱ አግድም ቢመጣም ሥራውን የሚሠራው ፍንዳታው በመሆኑ፣ ለመሬት እጅግ በተጠጋ አቅጣጫ ካልገባ በስተቀር ጉድጓዱ ክብ ይሆናል።

ከፍንዳታው በኋላ ኃይሉ በአለቱ ውስጥ እንደ ሞገድ እየሰፋ መሬቱን ወደ ውጭና ወደ ላይ ይገፋል። የተፈነቀለው አፈርና ድንጋይ በዙሪያው ይበተናል፤ በከንፈሩ ላይ ያለው ንጣፍ ደግሞ እንደ ተገለበጠ የመጽሐፍ ገጽ ስለሚታጠፍ አሮጌው አለት ከላይ፣ አዲሱ ከታች ይሆናል። አንድ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ በሴኮንዶች ጊዜ ውስጥ ተቆፍሮ ያልቃል። ስፋቱም እንደ አመጣጡ ከአለቱ ስፋት አሥር እስከ ሃያ እጥፍ ይሆናል። ጉድጓዱ ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ሜትር ካለፈ ግን ግድግዳው ራሱን መሸከም አቅቶት ወደ ውስጥ ይናዳል፤ መካከሉም ጠብታ የወደቀበት ውኃ ወደ ላይ ዘለል እንደሚል ሁሉ ወደ ላይ ይነሳል። ልዩነቱ ውኃው ተመልሶ ሲተኛ አለቱ እንደተነሳ መቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሜክሲኮ የባሕር ጠረፍ በሚገኘው የቺክሹሉብ ጉድጓድ ላይ በተካሄደ ቁፋሮ፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ይኖር የነበረ ግራናይት በደቂቃዎች ጊዜ ውስጥ ወደ ላይ መገፋቱ ታውቋል። ጠንካራ አለት ለጥቂት ጊዜ እንደ ፈሳሽ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት የሚገኘውና 1 ነጥብ 2 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ታሪክ፣ በቂ ጥናት ሳይደረግ በሚጀመር ሥራ ላይ ሊመጣ የሚችለውን ኪሳራ የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ስፍራውን የመረመሩት ታዋቂው የጂኦሎጂ ባለሙያ ግሮቭ ካርል ጊልበርት ጉድጓዱን የእንፋሎት ፍንዳታ የፈጠረው ነው ሲሉ ደመደሙ። የማዕድን መሐንዲሱ ዳንኤል ባሪንገር ደግሞ የሰማይ አለት መሆኑን በትክክል ተረድተው፣ ነገር ግን ብረቱ እንዳለ ከጉድጓዱ ሥር ተቀብሯል ብለው በማመን ከ1903 ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሲያስቆፍሩ ኖሩ። በ1929 የሥነ ፈለክ ሊቁ ፎረስት ሞልተን ስሌቱን ሠርተው አለቱ ባሪንገር ከገመቱት ሦስት በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚሆንና እሱም በአብዛኛው ተኖ እንደጠፋ አሳዩ። ባሪንገር በዚያው ዓመት አረፉ። አንደኛው ምሁር በመንስኤው ተሳስተዋል፤ ሁለተኛው መንስኤውን አውቀው በውጤቱ ተሳስተዋል።

ክርክሩን የቋጨው ከአሸዋ ቅንጣት የተገኘ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዩጂን ሹሜከር ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሪዞናው ጉድጓድ ውስጥ ኮይሳይት የተባለውን ማዕድን አገኙ። ኮይሳይት ተራ ኳርትዝ በእጅግ ከፍተኛ ግፊት ሲጨመቅ የሚገኝ ሲሆን፣ እሳተ ገሞራ ያን ያህል ግፊት በምድር ገጽ ላይ ሊፈጥር አይችልም። ሹሜከር ቀደም ሲል በኔቫዳ በረሃ የኑክሊየር ሙከራ የተካሄደባቸውን ጉድጓዶች አጥንተው ስለነበር ተመሳሳይነቱ አላመለጣቸውም። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ጀርመን ተጉዘው የኖርድሊንገን ከተማ የተቆረቆረችበት ሰፊ ጎድጓዳ ምድር የሰማይ አለት ምት መሆኑን አረጋገጡ። የከተማዋ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን የታነጸበት ድንጋይ በዚያው ምት ቀልጦ የተቀላቀለ አለት ሆኖ ተገኝቷል። ምእመናኑ ለዘመናት ሲሳለሙት የኖሩት ግድግዳ ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ለደረሰ አደጋ ምስክር ሆኖ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች አንድን ጉድጓድ የሰማይ አለት ሥራ ነው ለማለት ክብነቱን እንደ ማስረጃ አይቀበሉም። የሚጠየቀው በአጉሊ መነጽር የሚታይ፣ በግፊት የተሰነጣጠቀ ኳርትዝ፣ እንደ ሾጣጣ ጉንጉን የተሰነጠቀ አለት ወይም ከሰማይ አካል ብቻ የሚመጣ የብረታ ብረት ቅሪት ነው። በዚህ መስፈርት ያለፉ ጉድጓዶች በዓለም ዙሪያ 200 ገደማ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ የሚገኙት ሃያ ያህል ናቸው። በደቡብ አፍሪካ የሚገኘውና በሴጽዋና ቋንቋ የጨው ስፍራ የሚል ትርጉም ያለው ጽዋይንግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ልክ እንደ ኤል ሶድ ሁሉ ጨው ይወጣበት የነበረ ክብ ጉድጓድ በመሆኑ ለብዙ ዓመታት እሳተ ገሞራ ነው፣ አይደለም ሲባል ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በተካሄደ ቁፋሮ የሰማይ አለት ምት መሆኑ ታውቋል። ሁለት የሚመሳሰሉ የጨው ጉድጓዶች፣ አንደኛው ከታች፣ ሁለተኛው ከላይ የመጣ ኃይል የፈጠራቸው ናቸው።

በኢትዮጵያ እስካሁን በዚህ መስፈርት የተረጋገጠ ጉድጓድ የለም። ይህ ማለት ግን አገሪቱ ተመትታ አታውቅም ማለት አይደለም። በሰሜኑ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው የምድር ገጽ በላቫ ተሸፍኗል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ ምት ቢኖርም የተከዜና የዓባይ ገባር ወንዞች ሊማሊሞን ያህል ተራራ የቆረጡበት ምድር አንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ጉድጓድ ጠብቆ ያቆየዋል ተብሎ አይታሰብም። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ደለልና አዲስ ላቫ ያለማቋረጥ ይነጠፋል። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም በአፋር ክልል የፈነዳው የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሰማይ መድረሱ ይታወሳል። እንዲህ በሚታደስ ምድር ላይ አሮጌ ጠባሳ አይቆይም። በአንጻሩ በደረቁ የሰሃራ ምድር ጉድጓዶች ይቆያሉ። በግብፅ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚገኘው 45 ሜትር ስፋት ያለው የካሚል ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሳተላይት ምስል ላይ ከተለየ በኋላ በ2010 በስፍራው በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል።

በኢትዮጵያ ፍለጋ ቢካሄድ ተስፋ የሚጣልባቸው ስፍራዎች በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ያሉት ጥንታዊ አለቶችና የኦጋዴን ደለላማ ተፋሰስ ናቸው። እዚህ ላይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ትኩረት የሚሻ አንድ ነጥብ አለ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮች ከጠፉበት ጊዜ ጋር የተያያዘው፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የቺክሹሉብ ጉድጓድ በመጀመሪያ የታየው በ1978 የሜክሲኮ የነዳጅ ድርጅት ባካሄደው የመግነጢስ ቅኝት መረጃ ላይ ነው። በ1980 ሉዊስ አልቫሬዝና ልጃቸው ዋልተር ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ዘመን ንጣፍ ውስጥ በምድር ገጽ ብርቅ የሆነውን ኢሪዲየም አግኝተው የሰማይ አለት መላ ምትን ሲያቀርቡ፣ ዓለም ጉድጓዱን ይፈልግ ጀመር፤ መረጃው ግን በነዳጅ ፍለጋ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱ የተገናኙት በ1991 ነው። በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ከባሕር ወለል በታች የሚገኘውና በ2022 ይፋ የሆነው ናዲር ጉድጓድም የታወቀው ለሌላ ዓላማ ከተሰበሰበ የከርሰ ምድር ሞገድ መረጃ ነው። በኦጋዴንም ከካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ግኝት ዘመን ጀምሮ የነዳጅ ፍለጋ ቅኝት ሲካሄድ ኖሯል። አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ጉዳይ ያስጠናው ካርታ ለሌላ ጉዳይ መልስ ሊይዝ ስለሚችል፣ በመዝገብ ቤት ያለ ሰነድ ሥራው አልቋል ተብሎ የሚጣል አይደለም።

ጉድጓዶቹ የሚገልጹት ነገር ብዙ ነው። በጨረቃ ላይ ዝናብም ወንዝም ስለሌለ ከቢሊዮን ዓመታት በፊት የተፈጠረ ጉድጓድ ሳይደመሰስ ይታያል። ከ1969 እስከ 1972 የአፖሎ ተጓዦች ያመጡት 382 ኪሎ ግራም አለትና አፈር ዕድሜው ከተለካ በኋላ፣ በአንድ ስፍራ ያሉትን ጉድጓዶች በመቁጠር የገጹን ዕድሜ መገመት ተችሏል። ዛሬ የማርስና የሌሎች ፕላኔቶች ገጽ ዕድሜ የሚገመተው በዚሁ ስሌት ነው። በምድር ደግሞ በካናዳ ሰድበሪ የሚወጣው ኒኬልና መዳብ ከ1 ነጥብ 85 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከደረሰ ምት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካ ፍሬድፎርት የደረሰው ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ምት የዊትዋተርስራንድን ወርቅ የያዙ ንጣፎች ወደ ታች እንዲታጠፉና ከመሸርሸር እንዲድኑ አድርጓል።

ለኢትዮጵያ የቀረበው ትምህርት ግን ምናልባት በጋና የሚገኘው የቦሱምትዊ ሐይቅ ነው። በአሻንቲ ሕዝብ ዘንድ እንደ ቅዱስ የሚታየው ይህ ሐይቅ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተፈጠረ፣ 10 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር በሚሰፋ የምት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። የሚገባበት ትልቅ ወንዝም የሚወጣበት መውረጃም ስለሌለው ደለሉ ሳይናወጥ ተከማችቷል። በ2004 በተካሄደ ቁፋሮ የወጣው ደለል የምዕራብ አፍሪካን ዝናብና ድርቅ ታሪክ ይዞ ተገኝቷል። የቢሾፍቱና የወንጪ ሐይቆች አመጣጣቸው ሌላ ቢሆንም የሚይዙት መዝገብ ተመሳሳይ ነው። ከጣና ሥር በወጣ ደለል ላይ የተደረገው ጥናት ሐይቁ ከ16ሺህ ዓመታት ቀደም ብሎ ባለው ደረቅ ዘመን ደርቆ እንደነበር ማሳየቱ ለዚህ አብነት ነው። እንዲህ ዓይነት ሐይቆች ዳርቻቸው በግንባታና በፍሳሽ ሲበከል የሚጠፋው ውኃውና ዓሣው ብቻ አለመሆኑን የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች ከግምት ሊያስገቡት ይገባል።

ከሰማይ የሚመጣ አለት ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 በሳይቤሪያ ቱንጉስካ የደረሰው አለት መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ፈንድቶ ከ2ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ደን ጥሏል። ይህ 412 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከሚሸፍነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አምስት እጥፍ ያህል ነው። በየካቲት 2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ የፈነዳው 20 ሜትር ገደማ የሚሆን አለት ደግሞ 1ሺህ 500 ያህል ሰዎችን አቁስሏል። አብዛኞቹ የተጎዱት በመስኮት መስታወት ስብርባሪ ነው። ብርሃኑን አይተው ወደ መስኮት የተጠጉ ሰዎችን ከደቂቃ በላይ ቆይቶ የመጣው የድምፅ ሞገድ ደረሰባቸው። ከቤት ውስጥ ካለ መስኮት መራቅ ያድን ነበር።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን በስም የነካበት ጊዜም ነበር። በታኅሣሥ 2024 የተገኘውና 2024 ዋይ አር 4 የተባለው፣ 60 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ በ2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ በየካቲት 2025 ከፍ ብሎ 3 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሊያርፍበት ይችላል ተብሎ የተሰመረው መስመር ከምሥራቅ ፓስፊክ ተነስቶ በሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካ፣ በአፍሪካና በደቡብ እስያ የሚያልፍ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ከናይጄሪያና ከሱዳን ጋር በዜና ዘገባዎች ተጠቅሳለች። ተጨማሪ ምልከታ ሲደረግ ምድርን የመምታት ዕድሉ በዚያው ወር መጨረሻ ውድቅ ሆኗል። መጀመሪያ ዕድሉ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በድንገት መውደቁ የተለመደ የስሌት ባሕርይ ነው፤ መረጃ ሲጨምር መስመሩ ይጠባል፣ ምድር በጠበበው መስመር ውስጥ እስካለች ድረስም መቶኛው ይጨምራል። ይህን ያልተረዳ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሕዝብን ያለ ምክንያት ሊያሸብር፣ ወይም በተቃራኒው የሚያስፈልገውን ማስጠንቀቂያ ሊንቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን መረጃ ለመንግሥታት የሚያደርስ ዓለም አቀፍ የአስትሮይድ ማስጠንቀቂያ መረብ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ድጋፍ የተቋቋመ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ የዘርፉ ዕውቀት ያለው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትና የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪን በመመሥረት በጀመረው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ዘንድ ነው። መከላከልም ከምኞት አልፏል። በመስከረም 2022 የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ ያመጠቀው ዳርት መንኮራኩር ዲሞርፎስ ከተባለ ትንሽ አስትሮይድ ጋር ሆን ተብሎ እንዲጋጭ ተደርጎ፣ የአስትሮይዱን የዙረት ጊዜ በግማሽ ሰዓት ያህል አሳጥሯል።

ከግዙፎቹ ይልቅ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ቅርብ የሆነው ጉዳይ ግን የትንንሾቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኦሮሚያ ክልል ዲዲም በተባለ ስፍራ የወደቀው ድንጋይ በዓለም አቀፉ የሜትሮራይት መዝገብ ላይ በስፍራው ስም ሠፍሯል። በጎረቤት ሶማሊያ ደግሞ የኤል አሊ አካባቢ አርብቶ አደሮች ለትውልዶች ያውቁት የነበረና በሳይንስ ዓለም የታወቀው በ2020 የሆነ፣ 15 ቶን ገደማ የሚመዝን የብረት ሜትሮራይት ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ያልታዩ ማዕድናት ተገኝተውበታል። ድንጋዩ ግን ከአካባቢው ወጥቶ ለሽያጭ ወደ ቻይና መወሰዱ ተዘግቧል። የተመረመረው ከዋናው የተቆረጠ 70 ግራም ያህል ቁራጭ ብቻ ነው።

አንድ አርሶ አደር ከሰማይ ወደቀ ያለውን ድንጋይ ይዞ ቢቀርብ የመጀመሪያው ሥራ የወደቀበትን ስፍራ፣ ቀኑንና ሰዓቱን መመዝገብ፣ ድንጋዩን አለማጠብና አለመስበር ነው። አዲስ የወደቀ ሜትሮራይት ብዙውን ጊዜ በስስ ጥቁር ቅርፊት የተሸፈነ፣ ከመጠኑ አንጻር የከበደና በውስጡ የአየር ቀዳዳ የሌለው ነው። በዳባትና በደባርቅ አካባቢ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአካባቢው ባዛልት ራሱ ጥቁርና ከባድ ነው፤ የብረት ማዕድን ስላለበትም ማግኔትን በመጠኑ ይስባል። ስለዚህ ማግኔት ብቻውን አይፈርድም። ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ የሊማሊሞ ዘመድ ነው። የሚያጠራጥር ሆኖ ከተገኘ ናሙናው ወደ ኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ወይም የመሬት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ወዳላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በደረሰኝ ሊላክ ይገባል። ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ድንጋይ የት እንደደረሰ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ አይገኝምና።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2029ን የአስትሮይድ ግንዛቤ ዓመት አድርጎ የሰየመው ለአንድ የተቆረጠ ቀን ሲባል ነው። አፖፊስ የተባለውና ከ300 ሜትር በላይ ስፋት ያለው አስትሮይድ በሚያዝያ 13 ቀን ከምድር ገጽ 32ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ይህም ለቴሌቪዥን ሥርጭት ከሚያገለግሉት ሳተላይቶች ይልቅ ለምድር የቀረበ ነው። ምድርን እንደማይመታ ተረጋግጧል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሚያዝያ 5 ወደ ሚያዝያ 6 ቀን 2021 ዓ.ም በሚያሻግረው ሌሊት፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ፣ ሰማዩ ደመና ካልያዘው፣ እንደ አንድ ደብዛዛ ኮከብ ሲንቀሳቀስ በአፍሪካ ምድር ያለ መነጽር ይታያል።